ቶሎሳና የተገለበጠው ግንብ

የበደለኝ ሰው ቶሎሳ ይባላል። የበደለኝም በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር፣ እዚሁ አምቦ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ነው። ባለፈው ሐምሌ ሞተ። ከሞተ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ቶሎሳን የመሰለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም» ይለኛል። እውነት ነው፣ አይገኝም። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በሕይወት ሳለ «ኦቦ ቶሎሳ» እያልኩ በአንቱታ ነበር የምጠራው። በዕድሜ ይበልጠኛል። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሱ ፊዚክስ፣ እኔ ሒሳብ ስናስተምር ኖረናል። እዚህ ላይ ግን አንቱ አልለውም።

ረጅም ሰው ነበር፣ ትከሻው የወደቀ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ካፖርት ይለብሳል። በካፖርቱ ኪስ ውስጥ ቆሎና የቼዝ ዕቃ ተቀላቅሎ ይኖራል። «እንኩ፣ ብሉ» ብሎ ሲያድል ከእፍኙ ቆሎ ጋር አንድ የቼዝ ወታደር የደረሰው ሰው አውቃለሁ። ስልክ ሲነካ አውራ ጣቱን ይልሳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በጨዋታ የተበላ ዕቃ ሲያገኝ፣ የራሱም ይሁን የሌላ ሰው፣ ያነሣና በአፍንጫው ጎን ላይ ያሸዋል። ከዚያ በአፍንጫው ወዝ እስኪያብለጨልጭ ድረስ በመዳፉ ያሽከረክረዋል። ያን ሲያደርግ ራሱንም አያውቅም። ጓደኞቹ «ቶሎሳ ቫርኒሹ» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ከእነሱ ጋር ተጫውቼ ቤቴ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው እጄን በሳሙና መታጠብ ነበር።

የሚሰበሰቡት ሸምሱ ሻይ ቤት ነው። ሸምሱ ከደቡብ መጥቶ አምቦ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ሻይና ቦንቦሊኖ ይሸጣል፣ ግድግዳው ላይም ቴሌቪዥን አለው። ሌላው ሻይ ቤት ኳስ ሲያሳይ፣ ሸምሱ ቤት በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች የሚፋለሙበት የብሊትዝ ውድድር ይታያል። ይህን ያመጣው ቶሎሳ ነው። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ከፊት ይቆምና የሚሆነውን ሁሉ በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ይጨርሳል። ብሊትዝ ማለት ለአንድ ተጫዋች ሦስት ደቂቃ ግድም ብቻ የሚሰጥበት ቼዝ ነው። እጅ ከዓይን ይቀድማል። ቶሎሳ ግን ከእጁም ይቀድም ነበር።

የተጫዋቾቹን ስም አልጽፍም። እነሱ ምን አደረጉ? ሸምሱ ቤት እንደሆነ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። አንዱ «መነጽሮ» ነው፣ አንዱ «ረጅሙ»፣ አንዱ ፊቱ ፈጽሞ ስለማይለዋወጥ «ሬሳው»። ደጋፊውም በዚያው ተከፍሏል። የተሸነፈው ወገን ለሌላው ሻይ ይጋብዛል። ሸምሱ ራሱ ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ በቅጡ ሳያውቅ የመነጽሮ ደጋፊ ነበር።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይላል ሸምሱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ።

«ፈረሱን ጥሎት ሄደ!»

«የማንን ፈረስ?»

«ያንተን አይደለም፣ አትደንግጥ። ይልቅ ሻዩን ቅዳ!»

ቶሎሳ ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ ይመራዋል። «ብሊትዝ ለሚያስብ ሰው አይደለም» ይል ነበር፣ «ለሚያምን ሰው ነው። ማሰቢያ ጊዜ የት አለና!» ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ዕድሜዬን ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ንግግር አልወድም።

እኔ እዚያ የገባሁት በእሱ ጥሪ ነው፣ ይህን አልክድም። ቼዝ የተማርኩት ኮሌጅ ሳለሁ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የሚገጥመኝ አልነበረም። አንድ ቀን በሸምሱ በር ሳልፍ ከውስጥ አየኝና «አዴ ሙሉ! ኮቱ፣ ግቢ!» ብሎ ጮኸ። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው፣ ሙሉነሽ እባላለሁ። «ግቢና እነዚህን ወንዶች አሳፍሪልኝ!» ገባሁ። አሳፈርኳቸው። እሱንም ጨምሬ። ሴት ሻይ ቤት ተቀምጣ ቼዝ ስትጫወት የሚያይ ሰው በሩ ላይ ይቆም ነበር። ሰው ባሸነፍኩ ቁጥር ታዲያ ቶሎሳ ይነሣና «እኔ ነኝ ያመጣኋት! እኔ!» ይላል፣ ከገበያ ገዝቶ እንዳመጣት ዶሮ።

አንድ ልማድ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፣ የኋላው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ወታደር እስከ መጨረሻው ረድፍ ከሄደ ንግሥት ይሆናል። የሸምሱ ሰሌዳ ግን ለየወገኑ ከአንዲት ንግሥት በቀር የለውም፣ የተበላችውም ንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ቶሎሳ ኪስ ከቆሎው ጋር ናት። ስለዚህ የተበላ ግንብ፣ ቀጥ ብሎ ብቻ የሚሄደው ዕቃ፣ ተነሥቶ ተገልብጦ ይቆማል። የተገለበጠ ግንብ ንግሥት ነው። «ግንብ ሲገለበጥ ንግሥት ትወጣለች» እያለ ይህን ያስተማረ ራሱ ቶሎሳ ነው። እንኳን አምቦ፣ እሱ ሰሌዳ ይዞ የዞረባቸው ጉደርና እጃጂም ቢሆን ሌላ ሕግ አያውቁም።

የ2009 ታኅሣሥ መጣ። በዚያ ሰሞን በእኛ አካባቢ የሞባይል ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። ውድድሩን ማየት የለም። ሰዎቹ ለቅሶ የተቀመጡ መሰሉ። ቶሎሳ ዘዴ አገኘሁ አለ። አዲስ አበባ ያለው የእህቱ ልጅ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ ጨዋታውን እያየ በስልክ ይነግረዋል፣ ቶሎሳ ስልኩን በጆሮው ይዞ እርምጃውን ጮክ ብሎ ያሰማል፣ ሳሙኤል የሚባለው የጉደር ካምፓስ ወጣት መምህር ዕቃዎቹን ሰሌዳው ላይ ያንቀሳቅሳል። ሠራ። ሁለት ቀን እንደዚያ ተከታተልን። ክፍሏ በሰው ተሞላች።

በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መነጽሮና ሬሳው ተገናኙ።

እንደዚያ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። መነጽሮ መጀመሪያ ፈረሱን ጣለ። ቀጥሎ ግንቡን። ሰዎቹ አበደ አሉ። ቶሎሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቀስታ ያወርደዋል፦ «ቆይ... ቆይ... እያሰበ ነው... ንግሥቱን ሰጠ!» ሸምሱ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ወታደር አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፣ የሬሳው ንጉሥም መውጫ አጣ። ክፍሉ በጩኸት ፈረሰ። ሳሙኤል ጠረጴዛ ላይ ወጣ። እኔም፣ ይህን መጻፍ አስጠልቶኝ ነው የምጽፈው፣ እንባዬ መጣ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ።

ከገና በኋላ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚያ ያለው መስመር ይሠራ ነበር። የቀድሞ ተማሪዬ ኮምፒውተሩን ከፈተችልኝ፣ ጨዋታውን ፈለግነው። መነጽሮና ሬሳው በዚያን ዕለት ተጫውተዋል። ዕቃ በዕቃ ተለዋውጠው፣ ማንም ማንንም ሳይነካ፣ አቻ ወጥተዋል። ፈረስ የጣለ የለም። ንግሥት የሰጠ የለም። ያ ሁሉ ከቶሎሳ ራስ የወጣ ነው።

ከውሸቱ ይልቅ ያናደደኝ አንድ ነገር አለ። ጨዋታው ያምር ነበር። ይህ ሰው ከእኔ ጋር ሲቀመጥ በየጊዜው የሚሸነፍ ሰው ነው። ተቃዋሚ ሲኖረው ይቸኩላል፣ ሁለቱንም ወገን ራሱ ሲያጫውት ግን እንደዚያ ማሰብ ይችላል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ተሸክሞ በአፍንጫው ወዝ እንጨት ሲወለውል ኖረ።

ሁሉቃ ድልድይ ላይ አገኘሁትና ለብቻው ነገርኩት።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ጨዋታውን አየሁት። አቻ ነው።»

አልደነገጠም። ከኪሱ ቆሎ አወጣ። «መስመሩ ተቋረጠብኝ አዴ ሙሉ። ሰው ሁሉ አፌን እያየ ነው። ምን ልበል? ሂዱ ልበል?»

«‹ተቋረጠ› ማለት ነበረብዎት።»

«ታዲያ አልጣፈጠሽም?» ብሎ ሳቀ። «አልቅሰሻል እኮ። አይቼሻለሁ።»

ማየቱን አላውቅም ነበር። ፊቴ ጋለ። «ሸምሱ ቤት ቆመው ለሰዎቹ እውነቱን ይናገሩ» አልኩት። «እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ።»

ማላመጡን አቆመ። «ውድድሩ ይለፍ» አለኝ። «ከውድድሩ በኋላ እኔው ራሴ እናገራለሁ።»

ውድድሩ የኛው ነበር። ከየከተማው አንድ አሸናፊ ተመርጦ አዲስ አበባ ይሄዳል። እዚያ አንድ ከውጭ የሚመጣ ታላቅ ተጫዋች፣ በሸምሱ ቴሌቪዥን ስናየው ከኖርነው ዓይነት ሰው፣ ከእያንዳንዱ አሸናፊ ጋር አንድ አንድ ብሊትዝ ይጫወታል። ይህን የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጡረታ ልወጣ የተቃረብኩ ሴት ነኝ። እንደማላሸንፍ አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩት ሦስት ደቂቃ ነው። ከዓለም አንደኛ ደረጃ ሰው ፊት ተቀምጬ፣ እጁ ሰዓቱን ሲመታ በቅርብ አይቼ፣ እኔም መልሼ መምታት። ሌሎቹ ለወሬ ነበር የፈለጉት። እኔ ለራሴ ፈለግኩት፣ ለማንም አልነገርኩም። ለቶሎሳ ግን ከዚያ በፊት አንድ ቀን አምልጦኝ ነግሬው ነበር።

ዋና ዳኛው እሱ ሆነ። አዲስ አበባ የዳኝነት ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት የያዘ ከእሱ በቀር አልነበረም። የዚያን ቀን ካፖርቱን ትቶ ክራቫት አስሮ መጣ። ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከእጃጂም ሳይቀር ተጫዋች መጥቶ ነበር። ጠዋት ሁሉንም አሸነፍኩ። ለፍጻሜ እኔና ሳሙኤል ቀረን።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የሸምሱ ቤት ሰዎች ዙሪያችንን ከበው ቆሙ፣ ቶሎሳ ከጠረጴዛው ራስ። ንግሥቶቻችን ተበላልተው ወጡ። የሁለታችንም ሰዓት ወደ ማለቁ ነው። አንድ ወታደር አለኝ፣ የሚያቆማት የለም። ሳሙኤልም አውቆታል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ወታደሯን መጨረሻው ረድፍ አደረስኳትና ንግሥቴን ለማንሣት እጄን ወደ ሰሌዳው ጎን ሰደድኩ። ንግሥቴ የለችም። የተበሉ ወታደሮች፣ ፈረሶች፣ አንድ ግንብ። እሷ የለችም። ሰከንዱ ይሄዳል። በዚያች ከተማ ያለ ማንኛውም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ግንቡን አንሥቼ ገልብጬ አቆምኩትና ሰዓቱን መታሁ። ሳሙኤል ንጉሡን አሸሸ። በተገለበጠው ግንብ በሰያፍ ሄጄ የንጉሡን መንገድ ዘጋሁበት። ለማሸነፍ አንድ እርምጃ ቀርቶኝ ነበር።

የቶሎሳ እጅ መጥቶ ሰዓቱን አቆመ።

«ሕገ ወጥ እርምጃ ነው» አለ። «ግንብ በሰያፍ አይሄድም።»

የሚቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። «የተገለበጠ ነው እኮ።»

«ቢገለበጥም ግንብ ግንብ ነው። ሕጉ ይህ ነው። ንግሥት ካስፈለገሽ ሰዓቱን አቁመሽ ዳኛውን መጠየቅ ነበረብሽ። በብሊትዝ ሕገ ወጥ እርምጃ የሄደ ጨዋታውን ይሸነፋል። ሳሙኤል አሸንፏል።»

ሕጉ እውነት ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ቃል በቃል እንደዚያ ይላል፣ በኋላ አንብቤዋለሁ። እኔ ግን ሕጉን አልነበረም የማየው። ቀኝ እጁን ነበር የማየው። ጭብጥ አድርጎታል።

«እጅዎን ይክፈቱ» አልኩት።

«አዴ ሙሉ፣ ጨዋታው አልቋል።»

«እጅዎን ይክፈቱ!»

ከፈተው። ንግሥቴ መዳፉ ላይ ነበረች።

«ልማዴ ነው» አለ። «የተበላ ዕቃ ማንሣት ልማዴ መሆኑን የማያውቅ አለ?»

ዛሬም ድረስ ልማዱ ነው ብለው የሚከራከሩለት አሉ። እኔ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። አፍንጫው ላይ አላሻትም። ያን ሁሉ ዓመት አንዲት ወታደር ሳያሽ አስቀምጦ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ጨብጦ ብቻ ቆመ። አልዘነጋም። እያወቀ ነው የያዛት።

ዙሪያዬን አየሁ። ግንብ ገልብጦ የማያውቅ ሰው በዚያ ክበብ ውስጥ አንድም አልነበረም። ሳሙኤል ራሱ የዚያኑ ቀን ጠዋት ገልብጦ አሸንፏል፣ ማንም ሰዓት አላቆመበትም። አሁን ጫማውን ያያል። «ተናገር እንጂ!» አልኩት። «ቲቸር፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም» አለ።

ያን ጊዜ በልቤ የያዝኩትን አወጣሁት። «ይህ ሕግ የሚያስተምራችሁ ሰው» አልኩ ለሁሉም፣ «የመነጽሮን ጨዋታ ፈጥሮ ነው የነገራችሁ። መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ንግሥት የሰጠ የለም። እኔ ሄጄ አይቻለሁ፣ አቻ ነው!»

ጩኸት ጠበቅኩ። ቁጣ ጠበቅኩ። ሸምሱ ጠጋ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት በለሰለሰ ድምፅ፦

«ቲቸር፣ እሱንማ እኛ ያኔውኑ ነው ያወቅነው።»

«ምን?»

«ኦቦ ቶሎሳ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ የእህታቸው ልጅ እኔ ስልክ ላይ ደወለ። ‹ጋሼን አጣኋቸው፣ ንገርልኝ› አለኝ። ዝም ብዬ ዘጋሁት። ለእነዚህም በጥቅሻ ነገርኳቸው። እንዲያ ሲያምርባቸው ምን ብዬ ላቋርጣቸው? እርስዎም ደስ ብሎዎት ነበር።»

እንግዲህ ያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ የተታለልኩት እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ እያወቁ ጮኹ፣ እያወቁ ጠረጴዛ ላይ ወጡ፣ እኔ ሳለቅስ እያወቁ አዩኝ። ቶሎሳ ድልድዩ ላይ እንዳይወጣ የፈራው እውነት አስቀድሞ የወጣ ነበር። አላወቁም ብሎ የሚያምነው እሱ ነበር፣ እሱንም ሸሽገውት ኖረዋል። አሁን ከሸምሱ አፍ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ያችን ያህል ተደስቻለሁ። ከዚያ ግን ሸምሱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ አንዱ «ጋሪዳ፣ ምንም አይደል ኦቦ» አለው፣ ሌላው ሳቀ። እኔን መታ ያደረገኝ የለም። ለሚጣፍጥ ውሸት ዝም ያለ ሰው ለመራራ እውነት አፉን እንደማይከፍት ያን ቀን ገባኝ። ቶሎሳ ንግሥቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። አልነካኋትም።

አዲስ አበባ ሳሙኤል ሄደ። ሲመለስ ለሸምሱ ቤት ሰዎች የሰውየውን ጫማ፣ ሰዓት፣ እጅ እየዘረዘረ ሳምንቱን ሙሉ አወራላቸው ተባለ። ስለ ጨዋታው የሚያስታውሰው እንዳልነበር ሰማሁ።

ሸምሱ ቤት ድጋሚ አልገባሁም። ቶሎሳ ግን መንገድ ላይ ባየኝ ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ «አዴ ሙሉ፣ አካም ቡልተን?» ይለኛል፣ ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም በኋላ ያሉትን ዓመታት። ምንም እንዳልተደረገ። ለሌላው ሰው «የአምቦ አንደኛዋ ተጫዋች እሷ ናት፣ እኔ ነኝ ያመጣኋት» እያለ እንደሚያወራም ይነግሩኛል። ሰላምታውን አልመለስኩለትም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሸምሱ በሬን አንኳኳ። አርጅቷል፣ ሪዙ ሸብቷል።

«ኦቦ ቶሎሳ ደክመዋል፣ ቲቸር። አልጋ ላይ ናቸው። ሊያዩዎት ይፈልጋሉ።»

«ለምን?»

«ይቅርታ ሊጠይቁዎት ነው መሰለኝ።»

«የበደለኝ አዳራሽ ውስጥ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ከሆነም አዳራሽ ውስጥ ይጠይቀኝ።»

«ቲቸር፣ መነሣት እኮ አይችሉም።»

«እንግዲያው አይጠይቀኝ።»

«ልብዎ እንዲህ የጨከነ አይመስለኝም ነበር» አለኝ።

«አንተ ያን ቀን አጠገቤ ቆመህ ነበር» አልኩት። በሩን ዘጋሁ።

ቶሎሳ ሐምሌ ላይ ሞተ። እኔና እሱ አንድ እድር ነን። ጥሩንባ ነፊው በማለዳ በደጄ አልፎ ስሙን ጠራ፣ ሰማሁት። ቀብሩ በዋለበት ቀን ቤቴ ነበርኩ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር የጓሮዬን ጎመን ኮተኮትኩ። ድንኳኑም አልሄድኩም። በእድራችን ደንብ ከአባል ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። በማግሥቱ ጸሐፊው ዘንድ ሄጄ ቅጣቴን ከፈልኩ። «ምነው፣ አሞዎት ነበር?» አለኝ። አላመመኝም አልኩት። ደረሰኜን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።